የመምህርት አልጣሽ እንቁላሎች

ከዚህ በፊት ምንም ጽፌ አላውቅም። ትምህርቴ ከስድስተኛ ክፍል አላለፈም። ለክፍል ሥራ የታዘዝሁትን ካልሆነ በቀር ከራሴ አውጥቼ ወረቀት ላይ ያሰፈርሁት ነገር የለም። በአፌም ቢሆን ብዙ አልናገርም። ሰው በተሰበሰበበት አንድ ቃል ላወጣ ስል ሳላውቀው ነጠላዬን ወደ አፌ እስባለሁ። የቤታችን ሰዎች «የሻረግ ምላሷን ገበያ ረስታው መጣች» እያሉ ይስቁብኛል።

ባለፈው ቅዳሜ ንፋስ መውጫ ገበያ ውስጥ ቆሜ ሳለ፣ ከደብረ ታቦር ጨው ጭኖ የመጣ ነጋዴ መምህርት አልጣሽ ማረፋቸውን ነገረን። ወደ ቆላ ተዛውረው ሲያስተምሩ ወባ ይዟቸው፣ ሐኪም ቤት ሳይደርሱ ዐረፉ አለ። እኔ በቆምሁበት ደርቄ ቀረሁ። አጠገቤ ገብስ ትሰፍር የነበረች ሴት ግን ከቁናዋ ቀና ብላ፣

«የቷ አልጣሽ? ያች በጾም እንቁላል ትበላ የነበረች?» አለች።

አይደለም ልላት ፈለግሁ። ነጠላዬን ከአፌ እስካነሣ ድረስ ሴትዮዋ ከሌላ ገዢ ጋር በስፍር ትከራከር ጀመር። እቤት ገብቼም አልተወኝም። በአፌ ያልመለስሁላትን በእጄ ልመልስላት ብዬ ነው ይህን የምጽፈው።

መምህርት አልጣሽ ወደ ከተማችን የመጡት በጥቅምት፣ በበቅሎ ነው። አንዱ ጭነት ልብስና ምንጣፍ ነበር። ሌላው የእንጨት ሣጥን ነበር። በቅሎ ነጂው ሣጥኑን ሲያወርድ፣ «በቅሎዋ በተደናቀፈች ቁጥር የምትጮሂብኝ፣ ምን ጭኜ ነው?» አላቸው። እሳቸውም፣ «ዓይኔን ነው የጫንህልኝ» አሉት። ሣጥኑ ውስጥ የነበረው ማይክሮስኮፕ ነው። በአንድ ዓይን የሚያዩበት፣ ከሥሩ ትንሽ መስተዋት ያለው፣ የፀሐይ ብርሃን ካላረፈበት የማይሠራ አሮጌ መሣሪያ ነው። መምህርት ከማስተማራቸው በፊት ጎንደር ሐኪም ቤት፣ ደም በሚመረመርበት ክፍል ይሠሩ ነበር። አዲስ ሲመጣ አሮጌውን ለእሳቸው ተዉላቸው።

ረጅም ቀጭን ሴት ነበሩ። ሣሙና ሣሙና ይሸታሉ። ያገኙትን ነገር ሁሉ በአውራ ጣትና በጠቋሚ ጣታቸው ይዘው ወደ ፀሐይ ያነሡት ነበር። ቅጠሉን፣ የሽንኩርቱን ልጣጭ፣ በብርጭቆ ያለውን ውሃ ሳይቀር። ተማሪ ክፍል ውስጥ እርግጠኛ ሆኖ አንድ ነገር ሲናገር፣ «እስቲ ለብርሃን እንስጠው» ይላሉ። ተሳስተሃል ማለታቸው አይደለም። ልክ ነህ ማለታቸውም አይደለም። ማይክሮስኮፑን ስናይ ደግሞ ምን እንደምናይ አስቀድመው አይነግሩንም። «ያየሽውን ንገሪኝ፣ መስማት ይፈልጋሉ ብለሽ ያሰብሽውን አይደለም» ይላሉ።

የእኛ ቤት ከከተማው ራቅ ይላል። አባቴ መንገዱ ለሴት ልጅ አይሆንም ብሎ ከትምህርት ሊያስቀረኝ ሲል፣ መምህርት ራሳቸው እቤታችን ድረስ መጡና «ከእኔ ጋር ትሁን፤ ውሃ ታቀብለኛለች፣ እኔም ብቻዬን አላድርም» አሉት። እንዲህ ሆኖ ነው አብሬያቸው የኖርሁ። የምንኖረው ወይዘሮ ዘነቡ ከሚባሉ ሴት ግቢ በተከራዩት አንድ ክፍል ውስጥ ነው።

በገበያ ቀን ከመምህርት ጋር መሄድ ያሳፍረኝ ነበር። ጥራጥሬ የሚገዙት በእፍኝ ነው።

«እስቲ ከዚህ አንድ እፍኝ።»

«እፍኝ? ለዶሮ ነው?» ይላል ሻጩ።

«ለእኔ ነው። የት የበቀለ ነው?»

«ባቄላ ነው ስልዎ!»

«ባቄላነቱንማ አየሁ። የት ነው የበቀለ?»

«የሲማዳ ነው፣ ከወገዳ ወዲህ። ኧረ እሜቴ፣ ሊድሩት ነው እንዴ አገሩን ዘመዱን የሚጠይቁ?»

ገበያተኛው ሁሉ ይስቃል። እሳቸውም አብረው ይስቃሉ፤ እፍኛቸውን ተቀብለው ወደሚቀጥለው ሻጭ ይሄዳሉ። የእስቴ አተር፣ የሲማዳ ባቄላ፣ የጋይንት ምስር፣ ጓያ፣ ሽምብራ፣ አብሽ፣ አደንጓሬ። እያንዳንዱ በትንንሽ የጨርቅ ከረጢት ተቋጥሮ ግድግዳችን ላይ ተሰቅሎ ነበር። ጥሬውን ዘፍዝፈው ይወቅጡታል፣ በጨው ውሃ ይበጠብጡታል፣ በጨርቅ ያጠሉታል፤ ከዚያም በባዶ የፔኒሲሊን ብልቃጥ ያኖሩታል።

አንድ ቀን ከትምህርት መልስ በር ላይ፣ ፀሐይ ውስጥ አስቀመጡኝ። ጣታቸውን በመርፌ ወጋ አድርገው ሁለት ጠብታ ደም ስስ የመስተዋት ቁራጭ ላይ አኖሩ። ባንዱ ላይ ተራ የጨው ውሃ፣ በሌላው ላይ የባቄላውን ውሃ ጠብ አደረጉ። መስተዋቱን ወዲያና ወዲህ አዘነበሉት።

«ምን አየሽ?»

«ይኼኛው እንዳለ ነው። ይኼኛው… ተሰበሰበ። እንደ እርጥብ አሸዋ ጓል ጓል ሆነ።»

«ባቄላው ያዘው። በደሙ ቅንጣት ላይ እንደ ልብስ ጥለት ያለ ስኳር አለ። ባቄላው ያንን ጥለት ያውቀዋል፤ ሲያገኘው ይይዘዋል። አሁን ሌላ ጠብታ ደም ላድርግና፣ አንቺ የባቄላውን ውሃ በማር ለውሺው።»

ለወስሁት። ጠብ አደረግሁት። አልተሰበሰበም።

«የባቄላው እጅ በማሩ ተያዘ» አሉ። «ደሙን የሚይዝበት እጅ የለውም።»

«ደማችን ጣፋጭ ነው ማለት ነው?» አልሁ። ሳላስበው ነበር ያመለጠኝ።

መምህርት ሳቁና፣ «ለባቄላው» አሉኝ።

ከዚያ በኋላ የሚያሳስባቸው አንድ ነገር እንደነበር አሁን ይገባኛል። ደም ብዙ ነገር የተሸከመ ነው። ባቄላው የያዘው በእርግጥ ስኳሩን ይሁን ሌላ ነገር እንዴት ይታወቃል? ሌላውን ሁሉ ትቶ ቆዳው ብቻ ያለ ነገር ቢገኝ፣ ባዶ ቆዳ፣ ያን ጊዜ ስኳሩን ብቻ አልብሶ ማየት ይቻላል። ጎንደር ሳሉ አንድ የውጭ አገር ሐኪም እንዲህ ያለ ነገር በቅርቡ መገኘቱን ነግሯቸው ነበር። የእንቁላል አስኳል ስብ ውሃ ውስጥ ሲገባ፣ ሕይወት ያለው ነገር ሁሉ ገላው የተሸፈነበትን ዓይነት ስስ ቆዳ ይሠራል። ቆዳውም እየተጠቀለለ ትንንሽ ከረጢት ይሆናል፤ በዓይን የማይታይ ከረጢት።

«ማን ይሰፋዋል?» አልኋቸው።

«ማንም አይሰፋውም። ራሱ ይዘጋል። ውሃውን የሚሸሸው ወገኑ ወደ ውስጥ ይደበቃል፣ ውሃውን የሚወደው ወገኑ ወደ ውጭ ይወጣል፤ በቃ ከረጢት ሆነ።» ከዚያም አዩኝና፣ «እንዳንቺ ነው፤ አንድ ወገንሽ ይደበቃል» ብለው አሾፉብኝ።

ይህን ለመሥራት አስኳሉን የሚያሟሙበት አልኮል ያስፈልጋል። ከጎንደር ያመጡት ነበረ፤ ነገር ግን የጠርሙሱ ክዳን ላልቶ በየቀኑ ይጎድል ነበር። እስከ ፋሲካ አይቆይም አሉ። ስለዚህ በዐቢይ ጾም ውስጥ ጀመሩት። እንቁላሉን የሰጧቸው ወይዘሮ ዘነቡ ራሳቸው ናቸው። ለፋሲካ የሚያጠራቅሙ መስሏቸው ነበር።

እንቁላሉን የምሰብረው ሁልጊዜ እኔ ነበርሁ። መምህርት «ነጩን ለይተሽ አስኳሉን አኑሪልኝ» ይሉና እስክጨርስ ድረስ ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ ይዘው በር ላይ ይቆማሉ፣ ፊታቸውን ወደ ውጭ አዙረው። ጾሙን አክብረው ነው ብዬ አስብ ነበር። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ የእሳቸው ነው። አስኳሉን ከአልኮሉ ጋር መትተው ያጠሉታል፣ በሞቀ ውሃ ላይ አስቀምጠው አልኮሉን ያተኑታል። ጠርሙሱ ቂጥ ላይ ቢጫ ስብ ይቀራል። ለብ ያለ ውሃ ጨምረው ሲነቀንቁት ውሃው ነጭ ይሆናል። በማይክሮስኮፑ ሳይ ክብ ክብ ነገር ሞልቶበት ነበር፤ አንዳንዱ እንደ ሽንኩርት በላይ በላዩ የተደራረበ።

መምህርት ምንም ለመደበቅ አላሰቡም። ቅርፊቱን የጣልነው አመድ መድፊያው ላይ ነው።

ወይዘሮ ዘነቡ አመድ ሊደፉ ሄደው አዩት። በጾሙ እኩሌታ፣ የተሰበረ የእንቁላል ቅርፊት። በማግሥቱ ምንጭ ስወርድ ሴቶቹ ወሬያቸውን አቋረጡ። ለማርያም ማኅበር ጋግረን የላክነው ዳቦ ሳይቆረስ ተመለሰ። ሴት ልጆቻቸውን ከትምህርት ቤት ያስቀሩም ነበሩ። ጾም የፈታች ሴት ልጃችንን አታስተምርም አሉ። ነገሩ ለመምህርት የነፍስ አባት ለአባ ምትኩ ደረሰ። እሳቸው «ፈትታለች» ካሉ መምህርት ከማኅበር ይወጣሉ፣ ቤት የሚያከራያቸው አይኖርም። ከዚህ ከተማ መሄዳቸው ነው። ይህን ሁላችንም እናውቅ ነበር። መምህርት ግን ዳቦውን አየት አድርገው፣ «ይደርቃል፣ ሸፍኚው» ብቻ ነው ያሉኝ።

አባ ምትኩ ጋይንት ቤተ ልሔም የድጓ ዜማ የተማሩ ሽማግሌ ቄስ ነበሩ። ጆሯቸው ይከዳቸዋል፣ ጾማቸው ግን በከተማው የታወቀ ነው። ረቡዕ ዕለት ረፋዱ ላይ፣ የከተማውን ሽማግሌ ባላምባራስ እሸቴን አስከትለው ግቢያችን መጡ። ወይዘሮ ዘነቡ አሉ፣ ጎረቤቶችም ደጁን ሞልተውታል። እኔ ከበሩ ጀርባ ነበርሁ።

«አልጣሽ፣ እንቁላሉን በልተሻል ወይስ አልበላሽም?» አሉ ባላምባራስ።

«አልበላሁም።»

«ቅርፊቱስ?»

«ተሰብሯል። አልተበላም።»

«እንቁላል ሰብሮ የማይበላ ሰው በዕድሜዬ አላየሁም!»

ሰው ሳቀ። ወይዘሮ ዘነቡ ግን አልሳቁም። «ነጩን ለውሻዬ ደፉለት፣ አባ! በዓይኔ አይቻለሁ። ውሻዬን እንኳ ጾም አስፈቱብኝ!»

«አስኳሉስ የት ገባ?» አሉ አባ ምትኩ።

መምህርት ገብተው ጠርሙሱን አመጡ። እውነቱ ይኸው ሲሉ ፀሐይ ላይ አነሡት። ሴቶቹ አፋቸውን ያዙ።

«ወተት!» አለች አንዷ። «በእንቁላሉ ላይ ደግሞ ወተት!»

«ወተት አይደለም። አስኳሉ ነው፣ በውሃ ውስጥ።»

«ነጭ ነው፣ ፈሳሽ ነው፣ ጠርሙስ ሙሉ ነው» አሉ ባላምባራስ። «ወተት ካልሆነ ስሙ ማን ነው?»

ማንም ሊቀምሰው አይችልም፤ ጾም ነው። አንዱ ድመት ይቅመሰው አለ። የወይዘሮ ዘነቡ ድመት ተያዘች፣ በስባሪ ገል ፈሰሰላት። አሸተተች፣ አስነጠሳት፣ ጅራቷን ቀጥ አድርጋ ሄደች። ባላምባራስ፣ «ይች ድመት ከሰውም ትጾማለች» ቢሉ ግቢው በሣቅ ተናጋ። መምህርት ብቻቸውን ጠርሙሱን ይዘው ቆመዋል።

አባ ምትኩ ሣቁ እስኪያልፍ ጠበቁና፣ «እንቁላሉን የሚሰብረው ማን ነው?» አሉ።

መምህርት ጠርሙሱን ወደ ደረታቸው አስጠጉ። ወደ እኔም አላዩም። ስሜን ሊጠሩት እንዳልፈለጉ ገባኝ። ከበሩ ጀርባ ወጣሁ። ነጠላዬ አፌ ላይ ነበር።

«እኔ ነኝ፣ አባ።»

«ከፍ አድርጊው ልጄ፣ ጆሮዬ አይሰማም።»

ነጠላውን ከአፌ አነሣሁት። «እኔ ነኝ የምሰብረው። ሁሉንም። አስኳሉ ጠርሙስ ገባ። መምህርት አልቀመሱም። እኔም አልቀመስሁም።»

በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ይህን ያህል ስናገር የመጀመሪያዬ ነበር። ወይዘሮ ዘነቡ፣ «ልጅቱስ ውሸት አታውቅም» አሉ፤ ባላምባራስ ግን ራሳቸውን ነቀነቁ። «ከእሷ ጋር የምትኖር፣ የእሷን እንጀራ የምትበላ ልጅ ናት። ሌላ ምን ትበል?»

አባ ምትኩ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። «አልጣሽ፣ ለምንድን ነው ይህን የምታደርጊው? ለእኔ በሚገባኝ ንገሪኝ።»

መምህርት ስለ እህታቸው ተናገሩ። ለእኔም ነግረውኝ አያውቁም ነበር። እህታቸው ወልዳ ደም ፈሰሳት፤ ሐኪም ቤት ወሰዷት። ደም የሚለይበት መድኃኒት ያን ሰሞን አልቆ ነበር። ጊዜ አልነበረም፤ ከሰው ደም ተወስዶ ተሰጣት። «ደሙ አላወቃትም፣ አባ። የእሷ ደም የዚያን ሰው ደም ያዘው፤ ጓል ሆነ። እዚያው ቆሜ ሳለሁ ሞተች። ደምና ደም የሚተዋወቁት ላያቸው ላይ ባለ ስኳር ነው። ያንን ስኳር የሚለይ ባቄላ ወይም ምስር ቢገኝ፣ መድኃኒቱ ባለቀበት አገር ሁሉ ከገበያ ተገዝቶ ደም መለየት ይቻላል። የምፈልገው ያንን ነው። እንቁላሉም ለዚያ ነው።»

ከሴቶቹ አንዷ ዓይኗን ጠረገች። ከኋላ ግን፣ «ደም ትቀዳለች እኮ» የሚል ሹክሹክታ ሰማሁ።

«አሳዪኝ» አሉ አባ ምትኩ።

መምህርት መርፌውን ወደ ጣታቸው አስጠጉ። አባ እጃቸውን ያዙዋቸው። «በራስሽ ካደረግሽው አስማቷ ነው ይሉሻል። የእኔን ውሰጂ።»

ባላምባራስ ከመቀመጫቸው ተነሡ። «አባ! እርስዎ የዚህ ሳምንት ሰሞነኛ አይደሉም? ደም ከወጣዎ ዛሬ መቅደስ አይገቡም እኮ!»

«አውቃለሁ።»

«ቅዳሴው ከቀትር በኋላ ነው!»

«እሱንም አውቃለሁ፣ ባላምባራስ። ወንድሞቼ አሉ፤ ሌላ ይቀድሳል።» ጣታቸውን ዘረጉ።

መምህርት የአባን ጣት ያዙ። ከዚያ ወጋ አደረጉ። የአባ ምትኩ ደም በባቄላው ውሃ ጓል ሆነ። ማር ሲገባበት እንዳለ ቀረ። ከጠርሙሱ ነጭ ውሃም ጠብ ተደርጎ የባቄላው ውሃ ተጨመረበት፤ ምንም አልሆነም።

«ይኸኛውን ለምን አልያዘውም?»

«ስኳር የለበትም፣ አባ። ራቁቱን ነው።»

«ልታለብሺው ነው።»

«እሞክራለሁ።»

«እንግዲህ የዘነቡ እንቁላል ልብስ እየጠበቀ ነው» አሉና ሳቁ። መምህርት በማይክሮስኮፑ እንዲያዩ ጋበዟቸው። አባ ጎንበስ ብለው ብዙ ቆዩ። «የሽፋሽፍቴ ጫካ ነው የሚታየኝ» ብለው ቀና አሉ።

ባላምባራስ ግን ግትር ነበሩ። «ይህ ሁሉ አለመብላቷን አያስረዳም።»

«አያስረዳም» አሉ አባ። መቋሚያቸውን አነሡ። «አልበላሁም ብላለች። እኔ አምኛታለሁ። የሚያምን ይመን።»

ከቀትር በኋላ ደወል ሲደወል ሰው ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄደ። እኔና መምህርትም ሄድን። አባ ምትኩ መቅደስ ውስጥ አልነበሩም። ውጭ፣ ከቅጥሩ ሥር፣ በዚያ ቀን መግባት ከማይገባቸው ሰዎች መካከል ቆመው ነበር። ነፋሱ ጋቢያቸውን ያራግበዋል። በሰሞናቸው ከደጅ ሲቆሙ ያየ ሰው አልነበረምና የመጣው ሁሉ ደንግጦ ይጠይቃቸዋል። እሳቸውም ጣታቸውን እያሳዩ፣ «ለአልጣሽ ደም ሰጥቼ ነው» ይላሉ። ቅዳሴው እስኪያልቅ አልተቀመጡም።

በማግሥቱ ወይዘሮ ዘነቡ በራችን ላይ ቆሙ።

«ያ ዳቦ አለ?»

«ደርቋል» አሉ መምህርት።

«እኔ ደረቅ ዳቦ እወዳለሁ» አሉ ወይዘሮ ዘነቡ፤ ገብተው ተቀመጡ።

ልጆቹም ወደ ትምህርት ቤት ተመለሱ። ፋሲካ ሲደርስ ደግሞ ከየቤቱ እንቁላል ይላክልን ጀመር። ባላምባራስ እንኳ በሰፌድ ላኩ። ይቅርታ የሚል ሰው አልነበረም፤ እንቁላሉ ነው የተናገረ። መምህርት እያመሰገኑ ይቀበሉና ለእኔም፣ ለተማሪዎችም፣ ለመንገደኛም ያድሉት ነበር። የቀረውን ለሥራቸው አኖሩት።

ሳይጠብቁት ከጎንደር በተላከላቸው አልኮል ከፋሲካው በግ ደም ስብ አውጥተው ከአስኳሉ ስብ ጋር ቀላቅለው ከረጢቱን እንደገና ሠሩት። በበጉ ደም ላይ ያለው ስኳር ከስቡ ጋር መጥቶ ከረጢቱን ያለብሰዋል ብለው ነው። የባቄላውን ውሃ ጨምረው፣ ራሳቸው ሳያዩ፣ መጀመሪያ እኔን አስቀመጡኝ።

«ያየሽውን ንገሪኝ።»

«ተያይዘዋል» አልሁ። «እንደ ንብ መንጋ።»

«ማር ጨምሪ።»

ጨመርሁ። «እየተለያዩ ነው።»

መምህርት መሬቱ ላይ ቁጭ አሉ። ለብዙ ጊዜ አልተነሡም። ከዚያ በኋላ ደጋግመው ሞከሩት፤ አንዳንድ ቀን ሆነ፣ አንዳንድ ቀን አልሆነም። ለምን እንደሆነ አላወቁም። ደምን ከደም የሚለይ ባቄላም እኔ እስከማውቀው ድረስ አላገኙም። ቢሆንም በየገበያው እፍኛቸውን ያሰፍሩ ነበር። ሻጮቹም አገሩንና ዘመዱን ሳይጠየቁ ይነግሯቸው ጀመር።

ክረምቱ ሲወጣ ዝውውር መጣላቸው። የሚሄዱ ዕለት በማለዳ፣ ከእናቴ ቤት እንቁላል ቀቅዬ በጨርቅ ቋጥሬ ለስንቅ አመጣሁላቸው። መምህርት በቅሎዋ ላይ ተቀምጠዋል፣ ሣጥኑም ተጭኗል። ጨርቁን ፈተው አዩ። ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ ያዙና በቅሎዋ እስክትደነግጥ ድረስ ሳቁ።

«የሹዬ፣ እኔ እኮ እንቁላል በልቼ አላውቅም። ልጅ ሳለሁ እናቴ በግድ አጎርሳኝ አስመለሰኝ፤ ከዚያ ወዲህ አልኮል ካልሸፈነው ሽታው አያስጠጋኝም። በዘመዶቼ ዘንድ የታወቀ ነው።»

በር ላይ ፊታቸውን አዙረው ሲቆሙ ታየኝ። «ታዲያ ያን ቀን ለምን አልተናገሩም?» አልሁ። «ይህን ቢሏቸው ኖሮ ያኔውኑ አያልቅም ነበር? አባም ከደጅ አይቆሙም ነበር።»

እንቁላሉን ለበቅሎ ነጂው ሰጡት። ልጓሙን ሰበሰቡ። ሣቁ ከፊታቸው ጠፍቶ ነበር።

«አባን ከቅጥሩ ሥር ሳያቸው ልናገር ነበር። እሳቸው ግን ቀድመው አምነውኛል፤ ያንን ላበላሽባቸው አልፈለግሁም። ብናገርማ ሁሉም ያምን ነበር፣ የሹ፤ የሚያምኑት ግን ሆዴን ነው። እኔን እንዲያምኑኝ ነበር የፈለግሁ።»